ማንም ያልነካው ሳጥን

እኛ አገር አማና፣ ማለትም አደራ፣ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ከባዱ ያስቀመጡትን ሄዶ ማየት ነው። ጎረቤት ቤት አንድ ዕቃ አኑራችሁ ዓመት ቢያልፈው «እስኪ ይውጣና ልየው» ብላችሁ በየት አፋችሁ ትናገራላችሁ? ሰውዬውን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ሌባ ነህ ማለት አይደለም እንዴ? ስለዚህ ገበያ ላይ ስታገኙት ስለ ልጆቹ ትጠይቁታላችሁ፤ ስለ ዝናቡ ትጠይቁታላችሁ፤ ጉልበቱን የሚያመው ነገር ተሽሎት እንደሆነ ትጠይቁታላችሁ፤ ልትለያዩ ስትሉ ደግሞ ፊታችሁን ወደ ሌላ አዙራችሁ «ያም ነገር ደህና ነው መቼም» ትላላችሁ። እሱም «ማንም አልነካው!» ይላችኋል። አለቀ። ቤታችሁ ገብታችሁ እንቅልፋችሁን ትለጥጣላችሁ።

እኔም ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፌን ስለጥጥ የከረምኩት በዚሁ ልማድ ነው። ልማዱን ለመውቀስ አልተነሳሁም፤ የምወቅሰው ሰው ሞልቶኛል፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

የምሠራው ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጆችን በሚመዘግብ አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነው። ማኅበሩን ያቋቋመችው ራውዳ ናት፤ ራሷ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ንግግሯ አጭር፣ ትዕግሥቷ ከንግግሯም ያጠረ ሴት። ሐሳቧ ቀላል ነው። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት የፓስፖርቷንና የውሏን ቅጂ ትተውልናለች፤ ስትደርስ የቀጣሪዋን አድራሻ፣ የቤቱን በር ፎቶና ድምፅዋን ትልክልናለች፤ ቤት ከቀየረች እንደገና ትልካለች። አንድ ቀን ድምፅዋ ቢጠፋ ቢያንስ የቱን በር ማንኳኳት እንዳለብን እናውቃለን። በዚያ አገር በር ብዙ ነው፤ ሁሉም ይመሳሰላል፤ ሁሉም ዝግ ነው።

የእኔ ድርሻ ይህን ሁሉ ማስቀመጥ ነው። ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተሮችን በገመድ አገናኝቼ እንደ አንድ እንዲሠሩ አደረግሁ፤ ክላስተር ይባላል፤ አንዱ ቢያነክስ ሌሎቹ ሥራውን ይረከቡታል። በላያቸው ላይ መዝጋቢው፣ ፈላጊውና መልእክት ተቀባዩ ፕሮግራም እያንዳንዱ የየራሱን ስንቅ ይዞ በየራሱ ኮንቴይነር ይኖራል። ኮንቴይነር ስላችሁ በከባድ መኪና ተጭኖ የሚያልፈው ብረት እንዳይመጣባችሁ፤ ይኼኛው በዓይን አይታይም። ፎቶውና ድምፁ ደግሞ ኦብጀክት ስቶሬጅ በሚሉት መጋዘን ይገባል። መደርደሪያ የለውም። አንዱን ፎቶ ስም ትለጥፉበትና ባልዲ ውስጥ ትጥሉታላችሁ፤ ስትፈልጉት በስሙ ትጠሩታላችሁ። ባልዲ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ የሙያው ሰዎች ራሳቸው የሚጠሩት እንዲህ ነው።

ለዚህ ባልዲ መጠባበቂያ፣ በተለምዶ ባክአፕ የምንለውን ሳዘጋጅ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ራውዳ መጥታ አየችው።

«ቤቱ ቢቃጠልስ ሙሌ?»

«ለዚያ እኮ ነው ቅጂ ያለን።»

«ቤቱ ሲቃጠል ይኼኛው ሮጦ ይወጣል?»

በማግሥቱ ግማሽ ድፎ ዳቦ የምታህል አንዲት ጥቁር ሳጥን፣ በውስጧ ሰፊ ዲስክ ያላት፣ በታክሲ ተሳፍራ ውጫሌ ገባች። ያስቀመጥናት የራውዳ እናት ወንድም በሆኑት በሐጂ እንድሪስ የጨርቅ ሱቅ ጓሮ፣ አንዲት ንጹሕ ክፍል ውስጥ ነው። መብራት ሰካሁላት፣ የኢንተርኔት ገመድ ሰካሁላት፣ በየሰዓቱ የሐይቁን ባልዲ እያየች ራሷን ከእሱ ጋር እኩል እንድታደርግ አዘዝኳት። ሐይቅ የገባ እዚያም ይገባል፤ ሐይቅ የሌለ እዚያም አይኖርም። ቦታ ስለሚቆጥብ በዚህ ትእዛዝ ኮርቼ ነበር። ይህችን ኩራት ያዙልኝ፤ ቆይታ ታስለቅሰኛለች። ስወጣ ደግሞ ለሐጂ «አማና ነው» አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «በአላህ ይሁንብኝ» አሉ።

መብራት በሄደ ወይም ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር «ሳጥኑ አልተገኘም» የሚል መልእክት ወደ ስልኬ ይመጣ ነበር። የእኛን መብራትና የእኛን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ ጩኸት ሲያበዛ መልእክቱን ዝም አሰኘሁት። በምትኩ አልፎ አልፎ ለሐጂ እደውላለሁ። ሰላምታችን ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ወደ መጨረሻው፣ እንደ ዋዛ፣ «ያም አማና ደህና ነው?» እላለሁ።

«አብሽር! ወላሂ ማንም አልነካው።»

እኔም አብሽሬ እቀመጣለሁ።

አሁን ወደዚያ ሰኞ ጠዋት እንግባ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስኮት ከፍቻለሁ፤ በአንዱ መለማመጃ ባልዲ አለ፣ የውሸት ስምና የውሸት ፎቶ የሞላበት፤ በሌላው እውነተኛው። መለማመጃውን ለማጥፋት ትእዛዙን ጻፍኩ። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቅጽበት እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

የጻፍኩት በተሳሳተው መስኮት ነበር።

ፍርሃት ከእግር ይጀምራል የሚሉ አሉ፤ የእኔ ከጆሮዬ ጀመረ። ጆሮዬ ጋለ፤ የመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ራቀብኝ፤ ከዚያ እጄ በረደ። ዝርዝሩን ደግሜ ጠራሁት። ባዶ። ሌላ ስም ጠራሁ። ባዶ። የስንት ልጅ በር፣ የስንት ልጅ ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ትእዛዝ ሄዷል። ብድግ አልኩና መልሼ ተቀመጥኩ። ውጫሌን አስታወስኩ፤ ሳጥኗን በኢንተርኔት ጠራኋት፤ መልስ የለም። ኔትወርክ ነው አልኩ። ኔትወርክ እንዲሆን አጥብቄ ለመንኩ።

በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ራውዳ ናት፤ ከኋላዋ ከአርዲቦ ሐይቅ ወዲያ ካለ ቀበሌ ጠዋት ተነስተው በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት፣ እትዬ ዘምዘም፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ጨብጠው ቆመዋል።

«የሰአዳ እናት ናቸው» አለች ራውዳ። «ልጅቱ ቤት ቀየርኩ ካለች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። ሦስት ሳምንት ሊሆን ነው። እዚያ ዓረብ አገር ያለው ወዳጃችን ዛሬ ከሰዓት የሚመለከተው ቢሮ ይገባል፤ ከዛሬ ካለፈ ለበዓል ሊዘጉ ነው። የአዲሱን ቤት በር ፎቶ አውጣና ላክለት።»

«እሷ ለእኔ ስትደውል ለራውዳ ልኬላቸዋለሁ ነው ያለችኝ» አሉ እትዬ ዘምዘም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ አንተ ነህ የምታስቀምጥላት?» አሉኝ።

እኔ ነኝ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ለራውዳ ሐይቅ ያለው ዕቃ ተበላሽቷል፣ ቅጂው ውጫሌ ነው፣ ኔትወርኩም የለም፣ ስለዚህ ራሴ ልሂድ አልኳት። ተበላሽቷል! እግዜር ይስጠው አማርኛን፤ ማን እንዳበላሸው ሳይናገሩ መናገር ይቻላል። ራውዳ ፊቴን ትንሽ አየት አደረገችውና «ፍጠን» ብቻ አለች። እኔ ላፕቶፔን ሸክፌ ስወጣ እትዬ ዘምዘምም ተከተሉኝ። ይመለሱ ብል፣ እዚህ ይጠብቁ ብል፣ የሚሰሙኝ አልሆኑም። «የልጄ ነገር ባለበት አለሁ» አሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ መቼም ከፈሪ ዘር ነኝ፤ ደፋር ነኝ ብዬ አላውቅም፤ ግን ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ላይ የፈራሁትን ያህል በጦርነቱ ጊዜም የፈራሁ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ፍርሃቱን ከሰው ጋር ተካፍለነዋል። አሁን አጠገቤ ያሉት ሴት ደቂቃ በደቂቃ «አላህ እጅህን ይባርከው» እያሉ ይመርቁኛል፤ እኔ ያንኑ እጄን ጉልበቴ መሐል ደብቄዋለሁ። ሹፌሩ አምባሰል ቅኝት የሆነ አንድ የሚያስተክዝ ነገር ከፍቷል። ዝጋው ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ አምባሰል መሬት ላይ ሆኖ አምባሰልን ዝጋ የሚል ማን ነው?

«ፎቶውን ሳየው ትታየኛለች» አሉ እትዬ ዘምዘም ድንገት። «ያችን በር እሷ ናት በገዛ እጇ ያነሣቻት።»

ሰዓቴን አየሁ። አራት ሊሆን ምንም አልቀረው። ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ኩራት የመጣችብኝ እዚህ ላይ ነው። በየሰዓቱ፤ ሐይቅ የሌለ እዚያም አይኖርም። ሐይቅ ምንም የለም። ኔትወርኩ ተመልሶ ከሆነ፣ አራት ሰዓት ሲሞላ ያቺ ታዛዥ ሳጥን የሐይቁን ባዶ ባልዲ አይታ የራሷንም ጥርግ አድርጋ ባዶ ታደርገዋለች። እኔው ነኝ ያዘዝኳት። ስልኬን አወጣሁ፤ ለራውዳ ደውዬ ኮምፒዩተሮቹን አጥፊያቸው ልላት፣ ለሐጂ ደውዬ ገመዱን ይንቀሉት ልላቸው። ተራራው ጥግ ነን፤ ስልኬ ላይ አንድም መስመር የለም። ቅድም ኔትወርክ ይሁን ብዬ እንዳልለመንኩ አሁን ኔትወርክ አይምጣ ብዬ እለምናለሁ። አራት ሰዓት ሞላ፤ ሚኒባሱ ማሽላው መሐል ሰው ሊጭን ቆመ።

ልነግራቸው አሰብኩ። እትዬ ዘምዘም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ የቀረውም አሁን ጠፋ ልላቸው። አልቻልኩም። ፈራኋቸው። እሳቸው ከያዙት ዘንቢል በሶ አውጥተው «ብላ እስኪ፣ ፊትህ ገርጥቷል» አሉኝ።

ውጫሌ ስንደርስ ሐጂ እንድሪስ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ጨርቅ ያጥፋሉ። ሰላምታውን ልታሳጥሩት ብትሞክሩ አይሆንም። ቤተሰቡን ጠየቁኝ፣ ሐይቅን ጠየቁኝ፣ እትዬ ዘምዘምን ከነ ቀበሌያቸው ጠየቁ። ቁልፋቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ መሩን። ክፍሉ በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ሳጥኗ ስትሠራ ትንሽ ታጉረመርማለች። ክፍሉ ግን ዝም ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሳጥን የለም።

«ሐጂ» አልኩ፣ «የት አለች?»

ሐጂ ፈገግ አሉ። ወደ ጥጉ ሄደው የአንድ ትልቅ የእንጨት ሰንዱቅ ቁልፍ ከፈቱ። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ አነሡ። ከብርድ ልብሱ ሥር፣ በአዲስ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ተኝታለች።

«መብረቅ የጣለ ለት ነው» አሉ። «ሰማዩ ሲያጓራ እሷም ታጓራለች፤ መብራቷ ቀይ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ መልሶ ቀይ ነው። ያረቢ፣ የሰው አማና እጄ ላይ ቢቃጠል ምን እመልሳለሁ አልኩ። ነቀልኳትና ቆለፍኩባት። ይኸው፤ ከዚያ ወዲያ ወላሂ ማንም አልነካት።»

ልስማቸው ይሁን ልጩህባቸው አላወቅሁም። ተነቅላ ከሆነ ባዶውን ባልዲ አላየችም፤ ያላትን ይዛ ተኝታለች። ግን ተነቅላ ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣውንም አልተቀበለችም። የሰአዳ ፎቶ ከመብረቁ በፊት ነው የመጣው ወይስ በኋላ?

«መብረቁ መቼ ነው ሐጂ? ቀኑን ያስታውሱልኝ።»

«ሐሙስ ነው እንጂ። ያ ሐሙስ፣ በረዶ የቀላቀለው።»

እትዬ ዘምዘም ነጠላቸውን ለቀቁት። «እኛም ዘንድ ጥሎ ነበር፤ ሐሙስ ነው፣ እውነታቸው ነው። ሰአዳ የደወለችልኝ በዋዜማው ረቡዕ ነው። በማግሥቱ በረዶውን ልነግራት ስደውል ነው ስልኩ አልነሳ ያለኝ።»

አንድ ቀን። በአንድ ቀን ቀድማለች፤ ያውም ያን ረቡዕ ኔትወርክ ከነበረ።

ሳጥኗን አውጥቼ መብራቱን ሰካሁ። አጉረመረመች። ላፕቶፔን ከእሷ ጋር በአጭር ገመድ ሳገናኝ በጎኔ በኩል አንድ እጅ ሲዘረጋ አየሁ። ሐጂ ናቸው፤ ሊረዱኝ ብለው የኢንተርኔቱን ገመድ ከጠረጴዛው አንሥተው «ይቺም አለች» እያሉ ወደ ቀዳዳው ያስጠጋሉ። ያቺ ገመድ ከገባች ሳጥኗ ከሐይቅ ጋር ተገናኝታ ሁሉንም ታጠፋለች።

«አይንኩት!» አልኩ።

አልኩ አይባልም፤ ጮህኩ። ሽማግሌ ላይ፣ በገዛ ቤታቸው፣ እንግዳ ፊት። ሐጂ ገመዱን ይዘው ደርቀው ቀሩ።

«ሦስት ሳምንት እጄን ሰብስቤ ጠብቄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ ነካህ ተባልኩ?»

ይቅርታ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረኝም። ስሙን ጻፍኩ። ሰ፣ አ፣ ዳ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ነጭ ሆኖ ቆየ። እትዬ ዘምዘም ከኋላዬ በለሆሳስ የሚያነቡት ዱዓ ይሰማኛል፤ እኔም በራሴ በኩል ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ስለት ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ ግን አሁን አላስታውስም፣ ይህም ሌላ ፍርሃት ሆኖብኛል።

ፎቶው ወጣ። አሸዋማ ቀለም ያለው የብረት በር፣ ከበሩ በላይ ቁጥር፣ በጎን በኩል የመንገዱ ስም። ከታች በኩል ደግሞ፣ ስልኩን ስትይዝ ሳታውቀው የገባ፣ የሰአዳ አውራ ጣት። እትዬ ዘምዘም በሩንም ቁጥሩንም አላዩም። ጎንበስ ብለው ስክሪኑ ላይ ጣቷን ሳሙት።

ፎቶውን በስልኬ አንሥቼ እዚያው ሆኜ ለዚያ ወዳጃችን ላክሁለት። ሰውዬው ቢሮው ሳይዘጋ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ሰአዳ ደወለች፤ ስልኳን ነጥቀው ቆልፈውባት ነበር፤ ከዚያ ቤት ወጥታለች፤ አሁን ሌላ ቤት፣ ስልኳ እጇ ላይ፣ ሥራዋን ይዛለች። ነይ ብትባል አልመጣም ብላለች።

እኔ ደግሞ ከተማው ውስጥ ጀግና ሆንኩ። ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኛል። ባልዲዬን ከሳጥኗ መልሼ ሞላሁ፤ ያንን በየሰዓቱ እኩል አድርጊ የሚለውን ትእዛዝ ሰርዤ፣ የጠፋውንም ለብዙ ጊዜ እንድታስቀምጥ አዘዝኩ፤ ከመብረቁ ወዲህ የገባውን ደግሞ ራውዳ ለየልጆቹ እየደወለች እንደገና አስላከች። ለራውዳ የዚያኑ ለት ተናዝዣለሁ፤ ምን እንዳለችኝ እዚህ መጻፍ አይቻልም። የቀሩት እትዬ ዘምዘም ነበሩ። አንድ ጣሳ ማር ይዘውልኝ በመጡ ጊዜ ማሩን መቀበል አቃተኝና ነገርኳቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ቅጂውንም ያስቀመጥኩት አብሮ እንዲጠፋ አድርጌ ነው፤ ሰአዳን ያተረፋት ሐጂ መብረቅ መፍራታቸው ነው አልኩ።

 ይራገሙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ መቼ ነው የምናያት?» አሉኝ።

«ምኗን?»

«ሳጥኗን። በየሳምንቱ ተከፍታ ልጄን ልያት።»

ለሐጂ ሄደን ስንነግራቸው ከፋቸው። «አማና ይፈተሻል?» አሉ። እትዬ ዘምዘም ጫማቸው ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። «አንቱንም አምናለሁ፤ እሱንም አምነዋለሁ፤ ልጄን ግን ልያት» አሏቸው። ሐጂ ቁልፉን ሰጡኝ።

እነሆ አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ውጫሌ ነኝ። በመጀመሪያው ማክሰኞ እሳቸው ብቻ መጡ። በሁለተኛው ጎረቤታቸውን አስከተሉ። እናቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ በየተራ የልጃቸውን ስም ይጠራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። እስካሁን ሁሉም ወጥተውልኛል። አንድም ማክሰኞ ሳልፈራ ውዬ አላውቅም፤ ድሮ ሳልፈራ መኖሬ ነው አሁን የሚያስደነግጠኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሰባት ሆነው መጡ። የስድስቱ ልጆች ወጡ። ሰባተኛዋ ወይዘሮ ሐሊማ የሚባሉ ከሩቅ ገጠር የመጡ ሴት ናቸው፤ ስም ጠሩልኝ፤ ጻፍኩ። ባዶ። በሌላ አጻጻፍ ሞከርኩ። ባዶ። እንደገና አጥፍቼ ይሆን?

«የት ነው የተመዘገበችው እናቴ? መቼ ነው የሄደችው?»

«አልተመዘገበችም» አሉ። «በእግሯ ናት የሄደች፣ በባሕሩ በኩል። ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ሴቶቹ ሳጥኗ የጠፋ ታወጣለች ሲሉ ሰምቼ ነው።»

 እንደማይገኝ እያወቅሁ አንድ ጊዜ ደግሜ ፈለግሁ፤ እያዩኝ ስለነበር። ከዚያ የለችም አልኳቸው። ከመቀነታቸው ጫፍ የታሰረች አንዲት ጉርድ ፎቶ ፈትተው ሰጡኝ።

«እንግዲያው ይቺን አስገባልኝ።»

ፎቶዋን አንሥቼ አስገባሁ። ስሟን ጻፍኩ፤ የአባቷን ስም ጻፍኩ። መዝገቡ ቀጥሎ አድራሻ ይጠይቃል፤ ያለ አድራሻ አልፎ አይሄድም፤ እኔው ነኝ እንዲያ ያደረግሁት። ጣቴን እንዳነሣሁ ቀረሁ።

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ሐሊማ።

«የምትኖርበትን ቤት ጻፍ ይላል።»

«የኔን ጻፍ» አሉ። «የሷ ቤት እኮ እሱ ነው።»

ጻፍኩ።